አንድ ክኒን ለሁለት እህቶች

ባለፈው ሰሞን አዳማ፣ ለገሃር አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት የደም ግፊት ክኒኔን ልገዛ ገብቼ ነበር። ባለመድኃኒቷ ገና ወጣት ናት፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያስያዘች፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ልጅ። ክንዴን በጨርቁ ጠቅልላ ለካችኝና ፊቷን ትንሽ ቅጭም አድርጋ፣ «እማማ፣ ዛሬ ከፍ ብሏል። ጨው ይቀንሱ፣ ይረፉ፣ ደግሞ አይጨነቁ። ዋናው ጭንቀት ነው» አለችኝ። «እሺ የኔ ልጅ» ብዬ ወጣሁ። ወደ ቤቴ ግን አልሄድኩም። ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር፣ ጥላ ካለበት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ሳታውቀው የተናገረችው፣ ስንትና ስንት ዓመት አልፎት፣ በዚችው ከተማ አንድ ሐኪም እናቴንና አክስቴን ጎን ለጎን አስቀምጦ የተናገረውን ነበር። ምክሩ ያው ነው። አንድም ቃል አልጨመሩበትም፣ አልቀነሱበትም።

ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት፤ አዳማ ብለው የሚጠሯት አያቶቻችን ነበሩ። ይህ ዛሬ ጭር ብሎ የምታዩት ጣቢያ ባቡሩ ከድሬዳዋ በኩል ሲገባ ሠርግ ቤት ይመስል ነበር። ብርቱካን በቅርጫት፣ ሩዝ በጆንያ ይወርዳል፤ ቀሚሳቸው ሥር ጨርቅ ጠምጥመው ነፍሰ ጡር የመሰሉ ሴቶች ፈታሽ ሳያያቸው ሹልክ ይላሉ። ደጅ ላይ ጋሪዎቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ የፈረሶቹ ቃጭል፣ የባለጋሪዎቹ ጥሪ፣ የፓስቴ ዘይት ሽታ። ሻይ ከነቦምቦሊኖው በስሙኒ ጠግበን እንነሳ ነበር። ማዶ ካለው ካሴት ቤት ፍቅረኛዋ ርቆ የሄደባት ሴት የምታንጎራጉርበት ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ይሰማል፤ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሲጀምር ደግሞ ዘፈኑ ይዋጣል። ወንዶቹ አፍሯቸውን እያበጠሩ፣ ከታች የሰፋ ሱሪያቸውን እያንሳፈፉ ሲንጎራደዱ አስታውሳለሁ። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን ቀስ በቀስ ሁሉም ካኪ ለበሰ። እኛ ሴቶቹ ቴትረን ጉርድ ካገኘን፣ ከኮንጎ ጫማም ከተገላገልን፣ ዓለማችን ነበር። ነፋሱ ዛሬም ያው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ አቧራውን በሰው ዓይን ላይ ይሞጅራል።

እናቴ ጫልቱና አክስቴ አስካለ ከአርሲ ጠርዝ፣ ደራ በኩል ካለ መንደር የመጡ ናቸው። አንዲት ዓመት ተኩል ቢበላለጡ ነው። ከሩቅ ለይቶ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም፤ ያው ረዘም ያለ አንገት፣ ያው ሲስቁ የሚሰረጉድ ጉንጭ። እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ ከእኛ ጋር በአማርኛ። አክስቴ ጋሽ መኮንንን አገባች። ጋሽ መኮንን ያኔ ተራ ጸሐፊ ነበሩ፤ በኋላ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹም ሆኑ። በረንዳው በቦገንቪላ የተሸፈነ ቤት፣ ማቀዝቀዣ፣ ሠራተኛ፣ ከበር ላይ የሚያነሳ መኪና መጣ። እናቴ ያገባችው አባታችንን ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር። እሱ መተሐራ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ። እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ፤ ከእኔ ቀጥሎ ደረጀ፤ ከእሱ በታች ያኔ ገና የሚድኹ ታናናሾቻችን። ሁለት እህቶች ከአንድ ማጀት ወጥተው፣ በአንዲት ከተማ፣ በጋሪ ትንሽ በሚያስኬድ ርቀት ላይ፣ ሁለት ዓለም ኖሩ። አክስቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ታሪኩን የሚሰማ ሁሉ ጥፋተኛ ይፈልጋልና።

እናቴ ቦሎቄ ለቀማ ገባች። ዛሬ ልጆቹ ይህን ሥራ ስነግራቸው አያውቁትም። ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ነጩ ቦሎቄ በየጆንያው ይመጣና መሬት ላይ ይዘረገፋል። ሴቶቹ ባዶ ጆንያ አንጥፈው በረድፍ ይቀመጡና የተሰበረውን፣ የተሸበሸበውን፣ ጠጠሩን ይለያሉ፤ የተጣራው ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ቆርቆሮው የናዝሬትን ፀሐይ ይዞ ከላይ ይጋግራቸዋል፤ ትቢያው እንደ ዱቄት ይቦናል፤ ሁሉም አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ክፍያው በለቀሙት ልክ ስለሆነ ማንም ቀና አይልም። ከምሳ ውጭ የሚነሳ ሰው ካቦው ይቆጣዋል። እናቴ ማታ ስትመጣ ቅንድቧ ነጭ ሆኖ ነው። አንገቷን ወደ ኋላ እያጠፈች፣ «ይህ ማጅራቴ፣ ይህ ማጅራቴ» ትላለች። ያለን ኩባያ ሁሉ የተበሳ ይመስል ውኃ በእጇ ቀድታ አናቷ ላይ ታፈስ ነበር። ራስ ምታቷ የቤታችን እንግዳ ሳይሆን ቤተሰብ ሆኖ ነበር፤ ማንም ከምንም አልቆጠረው።

ነገሩ የታወቀው በአክስቴ ምክንያት ነው። አንድ ቀን አክስቴ በረንዳዋ ላይ ዓይኗ ጭልም ብሎባት ወደቀች። ጋሽ መኮንን ተሯሩጠው ሐኪም ጋ ወሰዷት፤ በሁለተኛው ቀጠሮ እናቴን አስከትላ ሄደች። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው። ሁለቱንም ለካ፤ ደግሞ ለካ። «ይገርማል» አለ፤ «ልኬታችሁ አንድ ነው ማለት ይቻላል። እህታማቾች መሆናችሁ በደማችሁም ያስታውቃል።»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «አስኩ፣ እኩል የደረሰን ነገር ተገኘ በይኛ!»

አክስቴ ግን አልሳቀችም። «አደገኛ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ዝም ካሉት አደገኛ ነው። የአንጎል የደም ሥር ማለት ቀጭን የጎማ ቱቦ በሉት። ዓመት በዓመት ላይ በኃይል ሲገፉት ይደርቃል፣ ይሳሳል። አንድ ቀን ይዘጋል ወይም ይፈነዳል። እሱ እንዳይመጣ ነው የምንከላከለው።» ከዚያ መከረ፤ ለሁለቱም እኩል፣ አንዷን ከአንዷ ሳይለይ። «ጨው ቀንሱ። ሥጋና ቅባት አታብዙ። ከሰዓት በኋላ ጋደም በሉ። ክኒኑን በየቀኑ ዋጡ፤ አመመኝ አላመመኝ አትበሉ። በየወሩ እየመጣችሁ ተለኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አትጨነቁ፣ አትናደዱ።»

ሥጋ አታብዙ ሲል እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን አየኋት። ሳቋን ነው የደበቀችው። «ቶሌ ጌታዬ፣ ቶሌ» አለችው። ቶሌ በኦሮምኛ እሺ ማለት ነው፤ ስታከብርም ስትፈራም ከአፏ የሚወጣው እሱ ነበር።

በጋሪ ስንመለስ አክስቴ የእናቴን እጅ እንደያዘች ነበር። «ክኒኑን እኔ አመጣልሻለሁ። መኮንን ከአዲስ አበባ ያስመጣል። ከእኔ እኩል ትውጪያለሽ» አለቻት። ቃሏንም ጠበቀች። በየጊዜው በወረቀት ጠቅልላ ትልክ ነበር። ያኔ መድኃኒት እንደ ዛሬ በየሱቁ አልነበረም፤ ሰው ያለው በሰው በኩል ያገኛል፤ የሌለው የለውም።

ክኒኑ ግን ሽንት የሚያመላልስ ነበር። አክስቴ ጧት ትውጥና እቤቷ ትውላለች፤ መታጠቢያ ቤቷ ከመኝታዋ አጠገብ ነው። እናቴ ክኒኑን ውጣ ለቀማ ስትገባ ግን ሽንት ቤቱ ከመጋዘኑ ጓሮ፣ ከአጥሩ ጥግ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተመላለሰች። ካቦው ወገቡን ይዞ ከበላይዋ ቆመ። «አንቺ ሴትዮ፣ ለለቀማ ነው የመጣሽው ወይስ ለሽርሽር? ከፈለግሽ ሌላ ሰው በቦታሽ አስቀምጣለሁ» አላት። ማታ እንደ ቀልድ ነገረችን። ከዚያ ወዲህ ክኒኑን የምትውጠው እሑድ እሑድ ብቻ ሆነ። እኔ ተቆጣሁ፤ ሐኪሙ በየቀኑ ብሏል አልኳት። «የኔ ልጅ፣ ሐኪሙ ካቦውን አያውቀውም» አለችኝ።

ጨው ቀንሱ የተባለውም እንዲሁ ነው። አክስቴ ቤት ጨው ቢቀንስ ወጡ ውስጥ ቅቤ አለ፣ ሥጋ አለ፣ ሎሚ አለ። የእናቴ ምሳ ንፍሮ ነው፤ ጨውና ሚጥሚጣ ካልነካው በጉሮሮ አይወርድም። ለተወሰነ ጊዜ ሞከረች። አብራት የምትለቅመው አዴ ዘይነብ፣ ጎረቤታችንም ናት፣ ንፍሮውን አንድ ጊዜ ቀምሳ፣ «ጫልቱ፣ ይህን እየበላሽ ከመኖር መሞቱ አይሻልም?» አለቻትና ተሳስቀው ከአዴ ዘይነብ ጨው ቋጠሮ ላይ ነሰነሱበት። ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለቱን ደግሞ ማናችንም አላነሳነውም።

የመጨረሻው፣ አትጨነቁ የተባለው፣ ደረጀ ሲወሰድ አበቃለት። ደረጀ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ካሴት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ዘፈን በነፃ የሚሰማ ልጅ ነበር። አንድ ከሰዓት ከኳስ ሜዳ ሲመለስ ለውትድርና አፍሰው ከወሰዷቸው መሐል ገባ። የአክስቴ ልጅ ሰለሞን እኩያው ነው፤ በዚያው ዓመት ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ተላከ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አክስቴ ቤት ሄደች። በረንዳው ላይ፣ ቦገንቪላው ሥር፣ ጋሽ መኮንን ፊት ቆመች፤ ተቀመጪ ቢሏት አልቀመጥ አለች።

«ጋሽዬ፣ ልጁን ያውቁታል። አንድ ቃል ቢናገሩልኝ።»

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። «ጫልቱ፣ እስክትነግሪኝ የምጠብቅ ይመስልሻል? ሞክሬያለሁ፤ ከሰማሁባት ሰዓት ጀምሮ ሞክሬያለሁ። ከእጄ በላይ ነው።»

«ሰለሞን ግን...» ብላ እናቴ ጀመረችና ተወችው።

ጋሽ መኮንን አልዋሹም ብዬ አምናለሁ። አንድ ሰው የራሱን ልጅ ለማውጣት የሚበቃ ጉልበት ይኖረዋል፤ የሌላውን ለማውጣት አይበቃውም። አክስቴ እናቴን አቅፋ እስከ በሩ ሸኘቻት። በሩ ላይ ሁለቱም አለቀሱ፤ መንገደኛው ለቅሶ ቤት መስሎት ቆሞ ነፍስ ይማር አለ።

ከዚያ በኋላ እናቴ እንቅልፍ አጣች። የጭነት መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ትነሳለች። ሬዲዮ ከሚያወራ ቤት አጠገብ ማለፍ አትወድም፤ ሳትሰማ ማለፍም አትችልም። ከደረጀ በመጀመሪያው ሰሞን ሰላምታ መጣ፤ ኋላ ድምፁ ጠፋ። አክስቴ ክኒኑ ሲያንስባት አንዱን በቢላ ለሁለት እየከፈለች ማምጣት ጀመረች። ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጣ ስትሰነጥቀው አይቻለሁ፤ ግማሹ ተፈረካክሶ ዱቄቱን በጣቷ ስትለቅመው። «አንቺ ዋጪው አስኩ» ትላታለች እናቴ፤ «እኔ ምን ያደርግልኛል።» አክስቴ ትቆጣለች፤ «አንድ ደም ነን፣ አንድ በሽታ ነው፣ ዋጪ!» ትላታለች። እናቴም ፊት ለፊቷ ትውጥላታለች።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ መኮንን ወደ ሻሸመኔ ተዛወሩ። ዕቃቸው በአይሱዙ ሲጫን የቦገንቪላው ቅርንጫፍ መስተዋት ላይ ተጠልፎ ተሰብሮ ቀረ። አክስቴ ከሻሸመኔ በሚመጣ ሰው እጅ መድኃኒት ትልክ ነበር። አንዳንዱ ሰው ያደርሳል፤ አንዳንዱ አውቶቡስ ሞጆ ላይ ይበላሻል፣ ወይም ሰውየው ቤታችንን ያጣዋል። እናቴም ክኒኑ ለምን ቀረ ብላ አትጠይቅም። ለእሷ ክኒኑ የእህቷ ሰላምታ ነበር፤ ሲመጣ ደስ ይላታል፣ ካልመጣ ደግሞ እህቷ ደኅና መሆኗን ትጠይቃለች።

አንድ ጧት አዴ ዘይነብ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። እንደነገረችኝ ከሆነ እናቴ እንደ ወትሮው ተቀምጣ ትለቅም ነበር። ቀኝ እጇ ቦሎቄውን ዘገነና ሳይለይ መልሶ ጣለው። ደግሞ ዘገነ፣ ደግሞ ጣለ። እናቴ እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየችው። ካቦው አንቀላፋች ብሎ ጮኸባት። እሷ መልስ ልትሰጠው ቀና ስትል አፏ ወደ አንድ ወገን ሄደ፤ በጎኗ ቦሎቄው ክምር ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ናቸው ተሸክመው ያወጧት። ካቦውም ደንግጦ ጋሪ ፍለጋ ሮጠ፤ ይህንን ልሸሽግበት አልፈልግም።

ሆስፒታል ስደርስ ኮሪደሩ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ አገኘኋት፤ አልጋ አልነበረም። ጸጉሯ ውስጥ ትቢያው እንዳለ ነው። ያው ጥርሱ የማይከደነው ሐኪም ነበር የመጣው፤ ያን ቀን ግን አልሳቀም። ዓይኗን በባትሪ አየ፣ እግሯን ቆነጠጠ። «የአንጎሏ የደም ሥር ነው» አለኝ። ምን ታደርጉላታላችሁ ብዬ ስጠይቀው፣ «አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ፣ አልዋሽሽም። የሞተውን ቦታ መመለስ አንችልም። እንዳይደገም እንጠብቃለን። ጎኗ እንዳይቆስል ገልብጧት፤ ውኃ ስታጠጧት እንዳያንቃት ቀና አድርጓት» አለኝ። ትልቅ ልጅ ነሽ መባል ያን ቀን እንደ ቅጣት ተሰማኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን አመጣ። ምች ነው ያለ አለ፤ ነፋስ መታት ያለ አለ፤ ጸበል ያለ፣ ዱዓ ያለ፣ በስውር የሚሰበሰቡት ጴንጤዎችም መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። ሁሉንም እሺ አልን። ምን እንምረጥ?

አክስቴ በሁለተኛው ቀን ከሻሸመኔ ደረሰች። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ስትታይ አጠገባችን የተኙት በሽተኞች ደነገጡ፤ የታመመችው ሴት ተነስታ፣ ለብሳና ተጫምታ የምትመጣ መስሏቸው። ፍራሹ ላይ ተንበርክካ በኦሮምኛ ስሟን ጠራቻት። እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ታገለ፣ ታገለ፤ በመጨረሻ፣ «ቶሌ» አለች። ያ ቃል ብቻ ነው የተረፋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ ስትፈልግም ቶሌ፣ ሲያማትም ቶሌ፣ ስትናደድም ቶሌ። አማርኛው በሙሉ ጠፋ፤ ኦሮምኛውም ከዚያች ቃል በቀር ጠፋ።

አክስቴ ሐኪሙን ተከትላ ኮሪደሩ ላይ ክንዱን ያዘችው። «ዶክተር፣ ያኔ እኩል ነበርን እኮ። እርስዎ ራስዎ ነዎት አንድ ነው ያሉን። ለምን እሷን ብቻ?»

ሐኪሙ ቆመ። «እርስዎ ክኒኑን በየቀኑ ይውጣሉ?»

«አዎ።»

«ማታ እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

«አዎ።»

«እሷስ?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየጠበቀው ነበር። አክስቴ ግን ክንዱን የያዘችበት እጇ በአየር ላይ እንደቀረ ቆየች።

በሚቀጥለው በጋ ሶደሬ ወሰድናት። ፍል ውኃው ያዳነውን ሰው ሁሉም ያውቃል፤ የማያውቀው የለም። ጋሽ መኮንን መኪና ልከውልን አክስቴ ውስጥ፣ መዋኛው ዘንድ ልታስገባን ፈለገች። በር ላይ ያለው ሰው እናቴን አየና፣ እንግዶች ይከፋቸዋል፣ ለበሽተኛ ከታች ነው አለን፤ በትህትና ነው ያለው። ከታች ማለት ውኃው ወደ አዋሽ የሚፈስበት፣ ሕዝቡ በነፃ የሚነከርበት ነው። አንካሳው፣ ቆማጣው፣ አራሷ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አክስቴ ቀሚሷን ሰብስባ ከእናቴ ጋር ገባች። ሁለቱ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ተቀምጠው፣ አንዷ የሌላዋን እግር ስታሽ፣ ከላይ መዋኛው ውስጥ የሚጫወቱ ሰዎች ሳቅና የሙዚቃ ድምፅ ይመጣል። ዝንጀሮ ዳቧችንን ከፌስታሉ ነጥቆ ዛፍ ላይ ወጣ። እናቴ በግማሽ ፊቷ ሳቀች። አክስቴ፣ «አየሽ፣ ሳቀች! ልትድን ነው!» አለችኝ። እኔም አዎ አልኳት። ቀኝ እግሯ ግን ስንገባም ስንወጣም ያው ነበር።

አክስቴ ሰማንያን አልፋ፣ አዲስ አበባ ልጇ ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው ያረፈችው። እስከ መጨረሻዋ ድረስ በእግሯ ትሄድ፣ ሁሉን በስሙ ትጠራ ነበር። ስታረጅ ፊቷን ባየሁ ቁጥር እናቴ በዚህ ዕድሜ ይህን ትመስል ነበር እላለሁ፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ ረዘም አድርጌ ሳያት ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። ስለ እናቴ በቀጥታ ያወራችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ሰው ሁሉ አንቺ ምክር ሰምተሽ ነው የዳንሽው ይለኛል። ምን ምክር ሰማሁ? ለእኔ የተነገረኝ እኮ ያው የምኖረውን ነው» አለችኝ።

እናቴ ከወደቀች በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖረች። ለቀማውን እኔ ተካኋት፤ ከዚያ ወጥቼ ሌላ ሥራ እስካገኝ። ጧት አጥቤያት፣ በረንዳ ስለሌለን በር ላይ ወንበር አውጥቼ አስቀምጣትና እሄዳለሁ፤ አዴ ዘይነብ ጉልበቷ ደክሞ ሥራውን ስለተወች ታያታለች። ያ ሁሉ ያልፋል የተባለው ዘመን በመጨረሻ አለፈ። መንግሥት በተለወጠበት ግንቦት የፈረሰው ጦር ወታደር ወደየቤቱ ይጎርፍ ጀመር፤ ጫማው ያለቀ፣ በሰው ካፖርት የተጠቀለለ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ የገባ። የናዝሬት ሴቶች በየደጃቸው ውኃና ቆሎ ይዘው ይቆሙ ነበር። እኔም ቆሜያለሁ፤ የእያንዳንዱን ፊት እያየሁ።

ደረጀ ግን የመጣው እኔ ሳልጠብቀው ነው። ልብስ እያሰጣሁ ሳለ የግቢው በር ተከፈተና አንድ ረጅም፣ አጥንቱ የወጣ ሰው ቆመ። ሲጠራኝ ነው ያወቅሁት። አቀፍኩት፤ እሱ ግን ከትከሻዬ በላይ እያየ፣ «እማዬስ? አለች?» አለኝ። «አለች፣ ግን ቆይ፣ አንዴ...» ሳልጨርስ አልፎኝ ገባ። ማንም አልነገረውም። በምን ይነገረው?

አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከግድግዳው ጋር ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። «እማዬ! እኔ ነኝ!»

«ቶሌ» አለች።

ደረጀ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ባለበት ቆመ። «ደረጀ ነኝ እኮ። ልጅሽ። አላወቅሽኝም?»

«ቶሌ፣ ቶሌ፣ ቶሌ...» ስሙን ነበር የምትጠራው፤ እኔ አውቃለሁ። እንባዋ በሁለቱም ጉንጮቿ ይወርድ ነበር፤ ፊቷ ግን የሚያለቅሰው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ደረጀ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ሆና ነው? ተቀይማኝ ነው? ሳልሰናበታት ስለሄድኩ ነው?»

ባጭሩ ነገርኩት። ደረጀ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። በቅርብ ያገኘውን እጇን ከጭኗ ላይ አነሳ፤ ቀኝ እጇን። ሳመው፣ ጉንጩ ላይ ለጠፈው፣ ከዚያ ግንባሩን መዳፏ ላይ አስደግፎ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። እናቴ ወደ ታች አየችው። ለዓመታት ስትጠብቀው የኖረችው ራስ በእጇ ላይ ነው፤ እጇ ግን ምንም አይነግራትም። በደኅናው እጇ አየሩን እየዳሰሰች ቀና ብላ እኔን አየች። «ቶሌ» አለችኝ። ወደ ግራዬ አምጪልኝ ማለቷ ነው።

ጎንበስ ብዬ ትከሻውን ያዝኩት። «ደረጀ» አልኩት፣ «በዚህ በኩል ና፤ በዚህኛው በኩል።» አልሰማኝም። ያንን እጅ ይበልጥ አጥብቆ ያዘው።